ራሱን የሚችል የጎንደር ሰፈር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ 40 ቤት ያለው አንድ ሰፈር እናስብ። የክረምቱን ውሃ ለበጋ የሚያስቀምጥ፣ እንጀራውን ያለ እንጨት የሚጋግር፣ እጣቢውን ወደ ጓሮ የሚመልስ፣ አየር ንብረቱን የሚያሞቀውን ካርቦን የሚቀንስ ሰፈር። ስለዚህ ሐሳብ ከሰው ጋር ባወራሁ ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። እዚህ ሰብሰብ አድርጌ መልሻቸዋለሁ። ሰፈሩ ገና የለም፣ ስሌቱ ግን እንዴት እንደመጣ አብሬ ስለምጽፍ ማንም በስልኩ ካልኩሌተር ሊያጣራው ይችላል።

ራሱን የቻለ ማለት ከመብራትና ከቧንቧ መስመር የተቆረጠ ማለት ነው?

አይደለም። መስመሩም ቧንቧውም ይኑር። መብራት ሲጠፋ ራት የማይቀርበት፣ ቧንቧው ለሳምንት ድምፁን ቢያጠፋ እናቶች ጀሪካን ይዘው የማይንከራተቱበት ሰፈር ነው የምለው። ሙሉ በሙሉ መነጠል ይቻላል፣ ግን ውድ ነው። ለተከታታይ ደመናማ ቀናት ብቻ የሚሆን የባትሪ ክምር መግዛት ይጠይቃል። ያ ገንዘብ ውሃ ጉድጓድ ላይ ቢውል ይሻላል እላለሁ።

ጎንደር ውስጥ ካርቦኑ ከየት ነው የሚወጣው? ፋብሪካ እንኳ ብዙ የለንም።

ይህ ጥያቄ መጀመሪያ ካልተመለሰ ሌላው ሁሉ ይበላሻል። ብዙ ሰው ካርቦን መቀነስ ሲባል ጣሪያ ላይ ሶላር መስቀል ብቻ ይመስለዋል። ድንጋይ ከሰል አቃጥለው መብራት ለሚያመነጩ አገሮች እውነት ነው፣ ፓነል በሰቀሉ ቁጥር ከሰሉ ይቀንሳል። የእኛ አገር መብራት ግን ከሞላ ጎደል የሚመጣው ከውሃ ነው፣ ትንሽ ንፋስ ይታከልበታል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ ጎንደር ላይ አምፖል ማብራት ካርቦን የለውም ማለት ይቻላል። ቤት ማሞቂያም አያስፈልገንም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ማታ ጋቢ፣ ቀን ጥላ ይበቃናል።

የእኛ ካርቦን ያለው ምድጃው ውስጥ ነው። እንጨት፣ ከሰልና ኩበት። በተለመደው መንገድ አፈር አልብሶ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከ6 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይነዳል። አንድ ማዳበሪያ ከሰል ከገበያ ይዛችሁ ስትመጡ ከኋላው ስንት ዛፍ እንዳለ አስቡት። ኩበቱ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት ፍግ ነው ጭስ የሚሆነው፣ ገበሬው በምትኩ ማዳበሪያ በውድ ይገዛል። ከምድጃው ቀጥሎ ሲሚንቶና ብረቱ፣ ከዚያ የመኪናው ናፍጣና ቤንዚን ይመጣሉ።

ስለዚህ የጎንደር ሰፈር ከኩሽናና ከውሃ ነው መጀመር ያለበት። ሶላሩ እነሱን ለማገልገል ይግባ እንጂ ለፎቶ አይሰቀል።

እንጀራ በሶላር ይጋገራል? በእውነት?

ይጋገራል፣ ግን በየቤቱ አይደለም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ቤት ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ እሱን የሚያክል የለም። ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ አምፖሉና የስልክ ቻርጀሩ ተደምረው በቀን ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃቸዋል፤ ምጣዱ ያንን በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። 40 ቤት ቅዳሜ ጠዋት እኩል ምጣድ ቢለኩስ 140 ኪሎዋት ነው። ለዚህ የሚሆን ሶላር በየቤቱ መትከል የማይሞከር ወጪ ነው። ትራንስፎርመሩም አይችለውም።

ስለዚህ ሰፈሩ መሀል አንድ የጋራ ምጣድ ቤት ይኑር። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ይጋግራል እንበል። በሳምንት 14 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ለ40 ቤት 560 ይሆናል፣ ለስድስት ቀን ስናካፍለው በቀን 93። ጎንደር ፀሐይ የጠገበች ከተማ ናት፤ አንድ ኪሎዋት ፓነል በአማካይ በቀን 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል ብለን ብናሰላ 21 ኪሎዋት ፓነል ይበቃል። ይህ 100 ካሬ ሜትር ገደማ ጣሪያ ነው፣ የምጣድ ቤቱና የአዳራሹ ጣሪያ ይሸከመዋል። ፓነሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ 13 ዲግሪ ያህል ይዘንበል፣ ከተማችን ከምድር ወገብ ያላት ርቀት የሚጠይቀው ይህን ነው። አቧራና የወፍ ኩስ ከተኛበት ግን ስሌቱ ይበላሻል፣ በበጋ በየጊዜው መታጠብ አለበት።

ምጣዶቹ አራት ይሁኑ። አራቱ አብረው ሲሠሩ 14 ኪሎዋት ነው የሚስቡት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት፣ ፀሐይዋ ባለችበት ሰዓት፣ በተራ ይጋገራል፤ 40ውም ቤት ይዳረሳል። ባትሪ አያስፈልግም ማለት ይቻላል፣ የሶላር ወጪ ደግሞ ከባዱ እዚያ ላይ ነው። ሌላም ትርፍ አለ፦ ምጣዱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሳይበርድ ስለሚተላለፍ እያንዳንዱ ቤት ለማጋል የሚያጠፋው ኃይል ይቀራል። ለጥምቀትና ለፋሲካ ዋዜማ ወረፋ ይኖራል። ያን ጊዜ ከዋናው መስመር ይታገዛል።

የእኔ ሊጥ ከሰው ሊጥ ጋር አይገናኝም።

አይገናኝም። እያንዳንዱ ቤት ሊጡን ራሱ አቡክቶ፣ በራሱ እርሾ አስነስቶ፣ አብሲቱን ጥሎ ይመጣል። ምጣድ ቤቱ ምጣድና ኃይል ነው የሚሰጠው። ማሰሻውንም ከቤት ማምጣት ይቻላል። ልጅ የያዘች እናት ወይም መቆም ያቃታቸው አዛውንት ከሆኑ ግን ለጋጋሪ ከፍሎ ማስጋገር ይኑር፤ ለአንድ ሁለት ሴቶች ቋሚ ሥራ ይሆናል።

ክረምትስ? ሐምሌ ላይ ፀሐይ የት አለና?

ሐምሌና ነሐሴ ፓነሉ የሚሰጠው ይቀንሳል፣ ዜሮ ግን አይሆንም። ጎደሎውን የመብራት መስመሩ ይሞላል፤ ክረምት ደግሞ ግድቦቹ ውሃ የሚይዙበት ጊዜ ነው። መብራቱም ከጠፋ ምጣድ ቤቱ ጥግ ሁለት ምርጥ ምድጃ ይቀመጥ። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እንጨቱ ከሰፈሩ ዛፍ ቅርንጫፍ ሲከረከም የሚገኘው ይሆናል። ይህን ስል ግን ጀርባቸው ጎብጦ ከተራራው እየተሸከሙ ከሚያወርዱት እናቶች አይገዛም ማለቴ አይደለም፤ እነሱም መኖር አለባቸው። ችግኝ ጣቢያው፣ ምጣድ ቤቱና የማዳበሪያ ሥራው ቀጣሪ ሲፈልግ መጀመሪያ እነሱን ቢያስብ ደስ ይለኛል። እንጨት ይቅር ስንል በእንጨት የሚኖረውን ሰው ረስተን መሆን የለበትም።

ውሃውስ? ጎንደር ዋናው ችግር ውሃ አይደለም ወይ?

ነው። ዋናው ነው። አንገረብ ግድብ ከተማውን ሲያጠጣ የኖረ ነው፣ ግን ከላይ የሚመጣው አፈር በደለል እየሞላው መያዝ የሚችለው ቀንሷል፤ የሕዝቡ ቁጥር ደግሞ ጨምሯል። በፈረቃ ውሃ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ሲያንሾካሹክ ተነስቶ ሮቶ መሙላት የስንቱን ሰው እንቅልፍ በልቷል።

ግን እዚሁ ጎንደር ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ይዘንብና በጎርፍ መልክ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ይወርዳል፣ አፈራችንንም ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ጥር ላይ ውሃ የለም እንላለን።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ይዘን 1,100 ሚሊ ሜትር ብንል 66,000 ሊትር ይሆናል። አሸንዳው የሚያፈሰውንና የሚተነውን አንድ አምስተኛ እንቀንስ፣ 52,800 ይቀራል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን አምስት ጀሪካን፣ 100 ሊትር፣ ቢጠቀም በዓመት 36,500 ሊትር ነው። በቃ፣ ተርፎም 16,000 ሊትር አለ። በቀን 100 ሊትር ምቾት አይደለም፣ ግን ቧንቧው ሲመጣ የሚጨመርበት መሠረት ነው።

ችግሩ ማጠራቀሚያው ነው። ለስምንት ደረቅ ወራት 24,000 ሊትር መያዝ አለበት፤ 24 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 4 በ3 በ2 ሜትር የሆነ ጉድጓድ። ይህን በፕላስቲክ ሮቶ ልሙላ ብትሉ ሮቶዎቹ ጊቢውን ይሞሉታል፣ ኪሱም አይችልም። ከመሬት በታች በድንጋይ ተገንብቶ በደንብ የተለሰነ ጉድጓድ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አራት አምስት ቤት በጋራ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ከግቢያቸው ሥር ቢሠሩ ደግሞ የቁፋሮውም የግድግዳውም ወጪ ለእያንዳንዱ ይቀንሳል። ላዩ የልጆች መጫወቻ፣ የሠርግ ድንኳን መትከያ፣ የእህል ማስጫ ይሆናል። ቦታ አይባክንም።

ውሃ ማጠራቀም ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ጥምቀትን የምናከብርበት የአፄ ፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተሞላ እስከ ዛሬ የሚያገለግል ግንብ ነው። በዚያ ዘመን ድንጋይና ኖራ ብቻ ይዘው ውሃ የሚይዝ ገንዳ ሠርተዋል። እኛ 24 ሜትር ኩብ አያቅተንም።

ትርፉ ውሃ ወደ ጎርፍ መውረጃ አይሂድ። ጠጠር የተሞላ ቦይ ውስጥ ገብቶ ወደ መሬት ይስረግ። ቁልቁል ላይ ያለ ሰፈር ይህን ቢያደርግ ከታች ያሉት የእጅ ጉድጓዶች በበጋ ቶሎ አይደርቁም።

የጣሪያ ውሃ ይጠጣል?

ሳይታከም አይጠጣ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሪያውን ያጥባሉ፣ ያ ውሃ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ ቱቦው መቀየሪያ ይኑረው። ከዚያ መግቢያው ላይ ወንፊትና የአሸዋ ማጣሪያ፣ ለመጠጥ የሚወጣው ላይ ማፍላት ወይም ውሃ አጋር የመሰለ የክሎሪን ማከሚያ። ክዳኑ ደግሞ ጥብቅ ይሁን። ሕፃን እንዳይገባበት፣ ትንኝም እንዳትፈለፈልበት፤ በተለይ ወደ አዘዞና ወደ ደምቢያ በኩል ዝቅ ሲባል ወባ አለ።

ባዮጋዝ ሁሉንም አይፈታውም?

ባዮጋዝ እበት በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣ ጋዝ ነው። ሁሉንም አይፈታም፣ ግን ያግዛል። ብዙ ሰው የመጸዳጃ ቤቱ ብቻ ጋዝ ይሰጠናል ብሎ ያስባል። የሰው ዓይነ ምድር የሚሰጠው ጋዝ ትንሽ ነው። ዋናው የከብት እበት ነው። 25 ኪሎ እበት በቀን ቢገባ አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ይሰጣል፣ ይህም አንድ ምድጃ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያነዳል። ሁለት ሦስት ላም ያላት ቤት ወጧንና ሻይዋን በዚህ ትሠራለች። ከ40ው ቤት ላም የሚያረቡት አምስት ስድስት ቢሆኑ ለእነሱና ለቅርብ ጎረቤቶቻቸው ይሁን።

ለእንጀራ አልመክረውም። ምጣዱ ሰፊ ነው፣ ጋዙ ጠርዙን እኩል ለማጋል ይቸገራል። ባዮጋዝ ለወጥ፣ ፀሐይ ለእንጀራ፤ ክፍፍሉ ይህ ነው።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ከባዮጋዙ ጉድጓድ የሚወጣው ዝቃጭ ነው። ሽታው የቀነሰ፣ ለጎመንና ለጌሾ የሚሆን ምርጥ ማዳበሪያ።

ቤቶቹ በምን ይሠሩ? ያለ ሲሚንቶ ቤት አለ?

ያለ ሲሚንቶ ቤተ መንግሥት አለ፤ ከተማው መሀል ቆሟል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ የተገነቡት ግንቦች የድንጋይና የኖራ ሥራ ናቸው። ድንጋዩ እዚሁ የሚፈለጥ ጥቁር ድንጋይ ነው።

ሲሚንቶ ለምን ካርቦኑ በዛ? አንዱ ምክንያት ማቃጠያው ነው። ትልቁ ምክንያት ግን የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጣቱ ነው፤ ከሲሚንቶ ከሚወጣው ግማሽ በላይ ከዚህ ነው፣ ምድጃውን በሶላር ብታነዱት እንኳ አይቀርም። ኖራም ሲቃጠል ያወጣል፣ ሐሰት አልናገርም። ግን በዝቅተኛ ሙቀት ይቃጠላል፣ ግድግዳው ላይ ሲደርቅም ካወጣው ከፊሉን ከአየር መልሶ ይወስዳል።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። መሠረቱ ድንጋይ። ግድግዳው የታመቀ የአፈር ብሎክ፤ ከ5 እስከ 8 በመቶ ሲሚንቶ ብቻ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ በእጅ ማሽን ተጨምቆ፣ በጥላ ሥር እርጥበቱ ተጠብቆ የሚጠነክር ነው፣ እሳት አይነካውም። ልስኑ ኖራና ጭቃ። ሲሚንቶና ፌሮ እውነት በሚያስፈልግበት ብቻ ይግባ፤ ግድግዳውን በሚያስረው ቢም ላይ፣ የውሃ ጉድጓዱ ውስጥ። የእናቶቻችን የጭቃ ቤት በባሕር ዛፍ ማገርና በጭድ ጭቃ ሲሠራ ቀን ቀዝቃዛ ማታ ሞቃት ነበር። የሚያበላሸው ከታች የሚነካው እርጥበትና ምስጥ ነው። የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ካለና ጣሪያው ግድግዳውን አልፎ ከወጣ ዝናቡ አይነካውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በአዘዞና በጠዳ በኩል ዋልካ አፈር ያለበት ቦታ ላይ ይህን ከማድረጋችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል። እዚያ መሠረቱ ላይ ቁጠባ የለም።

ጂ ፕላስ አራት ብትሠሩ መሬት አትቆጥቡም?

ይቆጥባል። ግን ፎቅ በጨመረ ቁጥር ብረትና ኮንክሪት ይበዛል፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጣሪያ ደግሞ ይቀንሳል፤ የዝናብ ውሃውም ፓነሉም ጣሪያ ይፈልጋሉ። ከታችና አንድ ፎቅ ይበቃል። ተጠጋግተው የተሠሩ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች፣ መሀላቸው የጋራ ግቢ።

ሰፈሩ የሚበላውን ሁሉ ያመርታል?

አያመርትም። ጤፉን እናስላ። አንድ ሰው በዓመት 2 ኩንታል እህል ቢበላ አምስት ሰው ያለበት ቤት 10 ኩንታል ይፈልጋል። ጤፍ በሄክታር 20 ኩንታል ቢሰጥ ለአንድ ቤት ግማሽ ሄክታር፣ ለ40 ቤት 20 ሄክታር ነው። ከተማ ውስጥ ይህ መሬት የለም፣ መኖርም የለበትም። ጤፉና ሽንብራው ከደምቢያና ከአካባቢው ገበሬ ይምጣ። ሰፈሩ በማኅበር ሆኖ አዝመራ ላይ በቀጥታ ከገበሬው ቢገዛ ሁለቱም ይጠቀማሉ፣ ደላላው መሀል አይገባም።

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮክ፣ እንቁላልና የተወሰነ ወተት ግን ከሰፈሩ ይወጣል። የልብስና የገላ እጣቢ በጠጠርና በአሸዋ አልፎ ለፍራፍሬና ለጌሾ ይሂድ፤ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ ግን አይሆንም። በአጥሩ ዙሪያ ባሕር ዛፍ አይተከል፣ ውሃ ይጠጣል። ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛና ብሳና ይተከል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ውስጥ ገብታችሁ ታውቁ የለም? ያ ጥላና ያ የወፍ ድምፅ እዚሁ አየር ላይ፣ እዚሁ አፈር ላይ የበቀለ ነው።

መጸዳጃ ቤቱስ?

ሽንትና ዓይነ ምድርን የሚለይ ደረቅ መጸዳጃ። ሽንት ብቻውን በውሃ ተቀጥኖ ማዳበሪያ ነው። ሌላው አመድ እየተነሰነሰበት ይከማችና ክፍሉ ሲሞላ ተዘግቶ ሁለት ዓመት ይቆይ፣ ከዚያ ለዛፍ ይውላል። ውሃ በሌለበት ከተማ በጀሪካን የተቀዳ ውሃ ሽንት ቤት ላይ መድፋት ያሳዝነኛል። ሰው አይለምደውም ለሚሉኝ፣ ጽዳቱ በተራ ከተያዘና የአየር ቱቦው በትክክል ከቆመ ከተለመደው ጉድጓድ ያነሰ ነው የሚሸተው።

መኪና ይከለከላል?

አይከለከልም፣ ሰፈሩ ውስጥ ግን አይገባም። መግቢያው ላይ ይቁም። አምቡላንስ፣ የለቅሶና የሠርግ መኪና፣ የዕቃ ጭነት ይገባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፣ ስለዚህ አቅጣጫው ወደ ኤሌክትሪክ ነው። ለእኛ ሰፈር ግን ከመኪናው ይልቅ ሁለት ሦስት የማኅበሩ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ይጠቅማል። ቀን ከምጣድ ቤቱ በሚተርፈው ፀሐይ ይሞላሉ፤ ጠዋት ተማሪ፣ ቅዳሜ ደግሞ ገበያተኛ ከእነ ዘንቢሉ ይጭናሉ። የጎንደር ዳገት ለብስክሌት ምቹ ስላልሆነ እሱን አላስገባሁትም።

ቡናም በኤሌክትሪክ ሊሆን ነው?

ቡናውን ተዉት። ከሰል ላይ ይፈላ። ከሰሉን ግን ላቀች ምድጃ ላይ አድርጉት፣ ከቆርቆሮው ምድጃ ሩብ ያህል ይቆጥባል። መስኮት ይከፈት። ተዘግቶ ከሰል የነደደበት ቤት ሰው ይገድላል፣ ይህን ሁሌም እናገራለሁ።

እንዲህ ያለ ሰፈር ሌላ ቦታ ተሠርቷል?

ተሠርቷል፣ የወደቀውም የተሳካውም ያስተምራል። ለንደን ዳርቻ ላይ ቤድዜድ የሚባል ወደ 100 የሚጠጉ ቤቶች ያሉት ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠናቀቀ። ቤቶቹ ኃይል በመቆጠብ ጎበዝ ሆነው እስከ አሁን ይኖርባቸዋል። ግን ከእንጨት ፍርፋሪ መብራትና ሙቀት ያመነጭ የነበረው ማሽን በየጊዜው እየተበላሸ በመጨረሻ ተተወ፣ ፍሳሽ ያጠራ የነበረውም እንዲሁ። ወፍራሙ ግድግዳና መስኮቱ ግን አልተበላሸም። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ማንም የማይጠግነው ማሽን አይግባ።

ጀርመን ፍራይቡርግ ውስጥ ቫውባን የሚባል ሰፈር ደግሞ በድሮ የጦር ካምፕ ላይ ተሠርቶ 5,000 ሰው ያህል ይኖርበታል። መኪና ዳር ላይ ይቆማል፣ ትራም ገብቶለታል፣ ብዙዎቹን ቤቶች ነዋሪዎቹ ራሳቸው በቡድን እየተደራጁ ነው ያሠሩት። ይህ እንደ እኛ የመኖሪያ ቤት ማኅበር ነው።

ከቅርባችን ደግሞ አውራምባ አለ፣ ደቡብ ጎንደር ፎገራ። ዙምራ ኑሩ በ1960ዎቹ የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። ካርቦን ብለው አይደለም የጀመሩት፣ ግን ሥራን በጋራ መሥራትንና አዛውንትን በጋራ መጦርን ኖረው አሳይተዋል። የእኔ ሐሳብ ከዚያ ያነሰ ነው። ሰው በየቤቱ በየኑሮው ይሁን፣ ውሃና ምጣዱን ይጋራ።

ማን ያስተዳድረዋል? የጋራ ነገር እኛ ጋ ይበላሻል ይላሉ።

እድር ተበላሽቶ ያውቃል? መዋጮው በወሩ ይሰበሰባል፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ይገባል፣ የቀረ ይቀጣል። በሺህ የሚቆጠሩ እድሮች ያለ ማንም ድጋፍ ይኖራሉ። የምጣድ ቤቱና የውሃ ጉድጓዱ ደንብ ከእድር ደንብ የተለየ አይሆንም። ፀሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት። የጉድጓዱን ደለል መጥረግ፣ አሸንዳ ማጽዳትና ቦይ መክፈት በወንፈል ወይም በጅጊ ይሆናል፣ በዓመት ሁለት ቅዳሜ፤ አንዱ ግንቦት መጨረሻ፣ አንዱ ጥቅምት።

አንድ ነገር ግን እድር አይበቃውም። የፓነሉን ኃይል ምጣዱ ወደሚጠቀምበት ለሚቀይረው ኢንቨርተርና ከጉድጓዱ ውሃ ለሚስበው ፓምፕ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ከቴክኒክና ሙያ የተመረቀ የሰፈሩ ልጅ ይያዝ። የመለዋወጫ ገንዘብ በየወሩ ይቀመጥ፣ ዕቃው ሲበላሽ መሰብሰብ ከተጀመረ አበቃለት። ዕዳ ያለበት ቤት ውሃ አይቋረጥበት፣ ምጣድ ተራው ግን ይዘግይ። ይህ በነዋሪው ስብሰባ ሊለወጥ የሚችል የእኔ አስተያየት ነው።

መሬቱ ከየት ይመጣል?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የመኖሪያ ቤት ማኅበር ሆኖ ተደራጅቶ ከከተማው ቦታ መጠየቅ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በሊዝ ሕግ ነው የሚሄደው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማኅበሩ ፕላኑን ሲያስጸድቅ የጋራው ጉድጓድና ምጣድ ቤቱ ከመጀመሪያው ካርታው ላይ ይግቡ፣ በኋላ ቦታ የለም።

ሁለተኛውንና የምወደውን መንገድ ብዙ ሰው አያስበውም። ነባር ሰፈር መውሰድ ነው። ቤቱ ቆሟል፣ የተሠራበት ሲሚንቶ ወጥቶበታል፣ ድጋሚ አፍርሶ መገንባት ካርቦኑን እጥፍ ያደርገዋል። ቆርቆሮው አለ፣ አሸንዳ ብቻ ይጎድለዋል። እድሩም አለ። እኔ ነገ ገንዘብ ቢሰጠኝ አዲስ መሬት አልጠይቅም፣ አንድ ጠንካራ እድር ያለው አሮጌ ሰፈር ፈልጌ እዚያ ነው የምጀምረው።

እኔ ተከራይ ነኝ። ወይም ቤት አለኝ ግን ማኅበር የለኝም። ምን ላድርግ?

ተከራይ ከሆናችሁ ምድጃውን ቀይሩ፤ ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ከጊቢው ሰዎች ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ምጣድ በተራ መጋገር ከጀመራችሁ ደግሞ ቆጣሪው ላይ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ቤት ካላችሁ ከሰኔ በፊት አሸንዳ አሰቅሉ፣ ቢያንስ በቤቱ አንድ ጎን። ያላችሁን ሮቶ ወደ አሸንዳው አስጠጉ፣ የመጀመሪያውን ዝናብ አስፈስሳችሁ ከዚያ ሙሉት። ለመጠጥ ሳይሆን ለልብስና ለጽዳት ጀምሩ። ገንዘብ ሲገኝ ጉድጓዱ ይከተላል። ከመቆፈራችሁ በፊት ግን አጥር የሚጋራችሁን ጎረቤት አናግሩ፣ አንድ ትልቅ ጉድጓድ ለሁለት ቤት ከሁለት ትንንሽ ጉድጓድ ይረክሳል።